ከዜሮ የሚጀምር ዳኛ

ቅዳሜ፣ 2

ዘንድሮ እንሄዳለን። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው። በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ ክበባችን ሁለት ዓመት ተከታትሎ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ያኔ ተወዳዳሪ ነበርኩ። አሁን ተመርቄያለሁ፤ አሰልጣኝ ነኝ። አንድ ቡድን ማለት ሦስት ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠረጴዛ ነው። ሁለቱ ታውቀዋል፤ «መንታዎቹ» የምንላቸው የአራተኛ ዓመት ልጆች ናቸው። ዝምድና የላቸውም፤ አንድ ላፕቶፕ ለሁለት ስለሚጠቀሙ ነው። ሦስተኛው ወንበር በማጣሪያ ይለያል። በልቤ ግን ለጥላ ሰጥቼዋለሁ። ፕሮግራም መጻፍ «ሀ» ብላ የጀመረችው ከኔ ነው፤ የትም ስሄድ ከኋላዬ ስለማትጠፋ ስሙ ወጣላት። እኔን ደግሞ «አለቃ» ይሉኛል። ስሙን አልጠላሁትም።

ዛሬ አንድ አዲስ ልጅ መጣ። ሁለተኛ ዓመት፣ ከሲቪል ምህንድስና። በር ላይ ቆሞ «የፕሮግራሚንግ ክበብ እዚህ ነው?» ሲል፣ አንደኛው መንታ «አይ፣ ወፍጮ ቤት ነው» አለው። የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ሲጮህ እውነትም ወፍጮ ይመስላል። ልጁ «እህል አልያዝኩም፣ ልግባ?» ብሎ ገባ። ኪቦርዱን የሚነካው በሁለት ሌባ ጣቶቹ ብቻ ነው፤ ዶሮ ስትለቅም እንደማየት። ወዲያው «ሁለት ጣት» ተባለ። እሱም ሳቀ።

ከዚያ ጥላን ስንት ጊዜ ያስለቀሳትን ጥያቄ አንስቶ፣ ወረቀት ላይ ሣለ፣ ሰረዘ፣ ሣለና በሁለት ጣቱ ለቀመው። ዳኛው አረንጓዴ አበራ። (ዳኛው ለመመረቂያዬ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። የተማሪውን መልስ ከኔ መልስ ጋር ያስተያያል፤ ከገጠመ አረንጓዴ፣ ካልገጠመ ቀይ። ምክንያት አይሰጥም። ስም ካወጣሁለት ወዲህ ሰው እየመሰለኝ መጥቷል።) በክበባችን ደንብ አረንጓዴ ሲበራ ሁሉም ጠረጴዛ ይደበድባል። ዛሬስ ጣሪያው የሚወርድ መሰለኝ።

ለኔ እንዲህ ደብድበው አያውቁም።

ጥሩ ልጅ ይመስላል።

ሰኞ፣ 4

ካመለከትኩባቸው ድርጅቶች መልስ የለም። የላብ ረዳትነት ኮንትራቴ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያልቃል። ጥላ ጠዋት ስታየኝ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል፦ «አለቃ፣ ሁለት ጣት ቅዳሜ ይመጣል እንዴ?» ደህና አደርሽ እንኳ የለ። ሞግዚቱ አደረገችኝ?

ረቡዕ፣ 6

የክበቡ አማካሪ መምህር ደረጃ ላይ አስቆሙኝ።

«ያ ልጅ እስከ ዛሬ የት ነበር?»

«ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ መምህር።»

ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው። እኔን በአራት ዓመት ትምህርት ውስጥ ያሉኝ ትልቁ ነገር «ጥሩ ነው፣ ቀጥይ» ነው። ስለሱ ሲያወሩ ግን መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ያወልቃሉ ለካ!

ሌላም አለ። ክበቡ በሙሉ የሚማርበትን ጥራዝ፣ እኔ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን ማስታወሻ፣ ለሁለት ጣት አውሼው ነበር። በማግስቱ መለሰልኝ። «አለቃ፣ በጣም ያምራል። እኔ ግን ራሴ ካልሣልኩት አይገባኝም» አለ። ያምራል! ቀሚስ ነው?

ቅዳሜ፣ 9

የአንደኛ ዓመት ልጆች እሱን ከበውት ነበር። ነጩ ሰሌዳ ላይ ቀስት፣ ክብ፣ የተጣመመ ሰው ምናምን እየሣለ ያስረዳል። «አሃ!» ይላሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። እኔ ሳስተምር «አሃ» የለም። ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ጥላ ከፊት ወንበር ላይ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ ትስቃለች።

ተነስቼ «ማርከር እያለቀ ነው፣ ቆጥቡ» አልኩ።

መሳቢያዬ ውስጥ ያልተከፈተ ሙሉ ሳጥን ማርከር አለ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ደክሞኝ ይሆናል።

እሑድ፣ 10

ታላቅ እህቴ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ወንበር ላይ አስቀምጣ ፀጉሬን እየለየች፣

«ከገባሽ ጀምሮ ስለዚህ ልጅ ነው የምታወሪው። ወደድሽው እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ? ሁለት ጣትን? እግዜር ይይልሽ!»

«እንግዲያው ቀናሽ።»

«በምኑ ነው የምቀናው? በሁለት ጣቱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ሲጸልይ ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ይላል። ልጁ ጸሎቱ ደረሰለት።»

ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። አንዷማ ለመስማት ብላ ካስኩን ከፍ አደረገችው። እህቴ ሚዶዋን አናቴ ላይ መታ አደረገችና «የኔ እናት፣ ቀልዴን ነው» አለች። ቀልዷን አልነበረም፤ መስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አይቼዋለሁ።

ቅናት አይደለም። ነገሩ የፍትሕ ነው። ጥላ ስንት ክረምት ዕረፍቷን ትታ ስትሠራ ኖራ፣ ትናንት የመጣ ሰው ወንበሯን ይውሰድ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ብቻ ማጣሪያው ይለየዋል። እኔ ለማንም አላደላም።

ማክሰኞ፣ 12

የማጣሪያውን አራተኛ ጥያቄ ጨረስኩ። ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደሱ የወደድኩት የለም። አንድ መንገደኛ አለ። መንገዱ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ወይ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይ ቁልቁል ይወርዳል፤ በስንት ሜትር እንደሆነ ይሰጣል። ጥያቄው፦ ከየትኛው ክፍል ተነስቶ እስከ የትኛው ድረስ ቢሄድ፣ ሽቅቡ ተደምሮ ቁልቁሉ ተቀንሶ ከሁሉ የበለጠ ከፍ ይላል?

ነገር እንዲጠብቅ መጨረሻው ላይ ጨመርኩበት፦ «መንገደኛው ቢያንስ አንድ ክፍል መሄድ ግዴታው ነው። ቤት መቅረት መልስ አይሆንም።»

የዳኛውን መልስ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጻፍኩት። እጄ ለምዶታል።

ቅዳሜ፣ 16 (ማጣሪያ)

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጧል፤ ግን ሳልጽፍ አልተኛም።

ሁለት ጣት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ማንም ሳይደርስበት ፈታቸው። በየጊዜው ጠረጴዛ ተደበደበ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀይ። ወረቀት አወጣ፣ ሣለ፣ ላከ፤ ቀይ። እንደገና፤ ቀይ። ጃኬቱን አወለቀ። ቀይ። አምስተኛውን ሳይነካው ሰዓቱ አለቀ።

ጥላ ቀስ እያለች አራቱንም ፈታች። መንታዎቹም አራተኛውን አገኙት፤ ሌሎችም ጥቂት ልጆች። ሁሉም የኔ ልጆች፣ በኔ ጥራዝ ያደጉ። ጥላ አረንጓዴዋ ሲበራ ዞራ ያየችው እኔን ነው። እሱን አይደለም፤ እኔን።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀረ።

«አለቃ፣ አራተኛው ላይ የትኛው መንገድ እንደጣለኝ ማየት እችላለሁ?»

«ዳኛው የሚፈትንባቸው መንገዶች አይታዩም። ደንብ ነው።»

«ይቅርታ፣ አላወቅኩም። ውጤቱን ለመቀየር አይደለም። የማይገባኝ ነገር ካለ እንቅልፍ አልተኛም።»

«ጥራዜን ብታነበው ኖሮ ትተኛ ነበር» አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት።

ወንበሮቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መልሶልኝ ሄደ። ደስ አለኝ ማለት ነውር ነው። ተነፈስኩ ልበል።

ሰኞ፣ 18

ፕሮግራሙን ላከልኝ። «አለቃ፣ ጊዜ ስታገኚ ስህተቴን ብቻ ጠቁሚኝ» ይላል።

በምሳ ሰዓት ከፈትኩት። እውነቱን ልናገር፣ ስህተቱን አግኝቼ ቅዳሜ ሰሌዳ ላይ ላሳየው ነበር ሐሳቤ። መስመር በመስመር ሄድኩበት፤ አጣሁ። ከዚያ የሱንና የኔን ጎን ለጎን አድርጌ መንገድ እየፈጠርኩ እሰጣቸው ጀመር። ረጅም መንገድ፣ አጭር መንገድ፤ አንድ ዓይነት መልስ። በመጨረሻ ሁሉም ክፍል ቁልቁለት የሆነበትን ሰጠኋቸው፦ አምስት ሜትር መውረድ፣ ሁለት መውረድ፣ ሰባት መውረድ።

የሱ «ሁለት ሜትር ይወርዳል» አለ። የኔ «ዜሮ» አለ።

ዜሮ ማለት መንገደኛው ቤቱ ቀረ ማለት ነው። ቤት መቅረት መልስ አይሆንም ያልኩት እኔው ነኝ።

 እንጀራዬ ነው ያልኩት ፕሮግራም ከዜሮ ይጀምርና ከዜሮ የሚበልጥ ካላገኘ ዜሮውን ይዞ ይወጣል። ዳኛው ውስጥ ቁልቁለት ብቻ የሆነ መንገድ አስገብቻለሁ፤ መልሱን የሠራልኝ ግን ያው የኔ ፕሮግራም ነው። አረንጓዴ ያገኙትስ? ጥራዜን ከፈትኩ። «ትልቁን ስትፈልግ ከዜሮ ጀምር» ይላል፣ በራሴ ጽሕፈት፣ ከሥሩ ተሰምሮበት። አንዱን ስህተት ለሁሉም አድያቸዋለሁ። ከኔ ያልተማረው እሱ ብቻ ነው፤ ቀይ የበላውም እሱ ብቻ።

አራተኛው ቢቆጠርለት ኖሮ ከጥላ እኩል ይሆን ነበር፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ ቀድሞ የፈታ ነው የሚያልፈው። እሱ ነው ማለት ነው።

የሦስቱ ልጆች ስም ለውድድሩ የሚላከው ዓርብ ነው። ነገ ለመምህሩ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 19

አንድ ድርጅት በስልክ ቃለ መጠይቅ አደረገልኝ!! ሳይታሰብ፣ ኮሪደር ላይ። «ትልቁ ጥንካሬሽ ምንድን ነው?» «ስህተት ማግኘት» አልኩ። ውሸት አይደለም።

ለመምህሩ ልነግር ሄጄ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ ሳልጠራቸው ተመለስኩ። ነገ።

ረቡዕ፣ 20

መምህሩ ራሳቸው መጡ።

«ያ ልጅ አራተኛው ላይ መውደቁ ገረመኝ። ውጤቱን አይተሽዋል?»

«ዳኛው ያለው ነው፣ መምህር።»

«እንግዲህ ዳኛው ካለ» ብለው ሄዱ።

አልዋሸሁም። ዳኛው ያለው ነው።

ለሁለት ጣትም መልስ ጻፍኩለት፦ «ገና አላየሁትም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።» «ችግር የለም አለቃ፣ አትቸኩዪ» አለ። ባይለኝ ምናለ? ቢያኮርፍ፣ ቢቆጣ፣ አንዴ እንኳ ሰው ቢሆን!

ጥላ ደግሞ አባቷ ለሠፈሩ ሁሉ እንዳወሩ ነገረችኝ። «ልጄ ልትወዳደር ነው» እያሉ ሰላም ያላቸውን ሰው ሁሉ ያስቆማሉ አሉ። አሁን እሷን ምን እላታለሁ? ለራሴ ብዬ ብቻ አይደለም እኮ። ለሷም ነው።

ግን ስታወራኝ ዓይኔን አታየኝም ነበር። ደስታ ይሆናል።

ሐሙስ፣ 21



ከሰዓት ሁለት ጣት እየሮጠ ገባ። «አለቃ! አረንጓዴ! አገኘሁት!» ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ጠረጴዛ ደበደበ።

«ምን ነበር?» አልኩ።

«ከዜሮ ነው መጀመር ያለበት! እኔ ከመጀመሪያው ክፍል ነበር የምጀምረው። ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አልገባኝም፤ ግን ዳኛው ተቀበለኝ። የኔ ሥዕል ነው የተሳሳተው ማለት ነው። ጥራዝሽን ድጋሚ አውሺኝ፣ በሥነ ሥርዓት አነበዋለሁ።»

ትክክል የነበረውን አበላሽቶ፣ ተማርኩ ብሎ ሊያመሰግነኝ መጣ።

ጥራዜን ሰጠሁት። «ጎበዝ» አልኩት።

ዓርብ፣ 22

ተላከ። መንታዎቹና ጥላ። መምህሩ «እስከ እሑድ ማታ መለወጥ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያበቃለታል» አሉ። ለምን ነገሩኝ?

ቅዳሜ፣ 23

ሁለት ጣት የአንደኛ ዓመት ልጆችን እንዲያስተምር ተራው ነበር። አራተኛውን ጥያቄ መረጠ። ጥራዜን በግራ እጁ ይዞ፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦ «ከዜሮ ጀምር።» ሥዕል የለም፤ ቀስት የለም፤ የተጣመመ ሰው የለም። እንደኔ አስተማረ። ልጆቹም እንደሚሆኑት ሆኑ፤ ዝም ብለው ገለበጡ። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ነገር ነበር። ሳየው አንጀቴን በላኝ።

ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መንገዱ ሁሉ ቁልቁለት ቢሆንስ?»

«ዜሮ።»

«ቢያንስ አንድ ክፍል መሄድ ግዴታው ነው ይላል እኮ።»

«እኔም እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ዳኛው ግን ዜሮ ነው የሚለው። አለቃ ታስረዳሽ፤ የጻፈችው እሷ ናት።»

ማርከሩን ዘረጋልኝ። ሁሉም ዞሩ። ከወንበሬ እስከ ሰሌዳው ያለው መንገድ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ላስረዳ አፌን ከፈትኩ፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ዜሮው ለምን ልክ እንደሆነ ላስረዳ ነበር። እጄ ግን ቀደመኝ፤ «ከዜሮ ጀምር» የሚለውን በመዳፌ አጠፋሁት።

«ዳኛው ተሳስቷል» አልኩ። ከዚያም፣ «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የሁለት ጣት የመጀመሪያው መልስ ልክ ነበር።»

አንደኛው መንታ «ኧረ ባክሽ!» አለ። ሁለት ጣት ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። ለብቻዬ እንድሰማው ቀስ ብሎ፣

«መቼ አወቅሽ?» አለኝ።

«አሁን።»

«እሺ» አለ።

ወደ መምህሩ ቤት ደወልኩ። በዝርዝሩ ላይ የጥላ ስም በሁለት ጣት ስም ተለወጠ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደሆነ በስልክ አይታይ። «ሰው ይሳሳታል፤ ቶሎ መናገርሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። ቶሎ!

እሑድ፣ 24

ጥላ ቤት ድረስ መጣች። እህቴ በር ከፍታላት፣ ፊቷን አይታ፣ ሳትቀልድ ወደ ጓዳ ገባች።

በወንበሩ ተናድዳ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቆማ ማልቀስ ጀመረች።

«አለቃ፣ አውቅ ነበር። ካለፈው እሑድ ጀምሮ። ቤት ሆኜ ለአባቴ ላሳየው ብዬ ስሞክረው፣ ቁልቁለቱ ላይ ዜሮ አለኝ። ጥያቄውን ደግሜ ሳነብ ገባኝ። አባቴ በደስታ ቁጭ ብድግ ሲሉ ዝም አልኩ። አለቃ ሳትናገር እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በዪኝ።»

እኔ ምን አልኩ? «ግድ የለም፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አልኩ። አቀፍኳት። አፌን ቁርጥ ያድርገው!

«ለሱ ግን አትንገሪው፤ ምን ያደርጋል» ጨመርኩ።

«ነግሬው ነው የመጣሁት።»

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹አንቺ ቢያንስ ነገርሽኝ› አለኝ።»

ሻይ አፈላሁላት። ጠጥታ ሄደች። እንደ ልማዷ አልተከተለችኝም፤ እኔ ነኝ እስከ በር የተከተልኳት።

«ቢያንስ።» ምን ማለቱ ነው? ሰው እንዲሁ የሚናገረው ቃል ነው። ከማን ጋር ሲያስተያያት ነው? እንዲሁ ነው። ስንት ሰው «ቢያንስ» ይላል። እራት አልበላልኝም። እህቴ ሳህኑን አንስታ በሌላ ሳህን ከደነችው።

ስልኬን አነሳሁ። «ሰኞ ነው ያወቅኩት» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ላስረዳህ የምፈልገው ነገር አለ» ብዬ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት፤ ምኑን ነው የማስረዳው? መልሼ የመጀመሪያውን ጻፍኩና፣ ሳላስብ እንዲሄድ ዓይኔን ጨፍኜ ላክሁት። ቢሰድበኝ እንኳ ልቤ ያርፍ ነበር። አንዲት ክፉ ቃል ብታመልጠው ይዣት እተኛ ነበር።

መልሱ ወዲያው መጣ፦

«አውቃለሁ አለቃ። ነገ ክፍሉን በጊዜ ክፈቺልን፣ ልምምድ አለን። ጥላም ትምጣ፤ እሷ ከሌለች መንታዎቹ ይጣሉብኛል።»

ደጋግሜ አነበብኩት። ነቀፋ ፈለግኩበት፤ የለም። በዚህም በለጠኝ።